ከማን ቤት ነው የሚወጣው

ሰፈሩ የሚያውቃት «ሜትር» በሚል ስም ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ ተጽፎ ቀርቷል እንጂ የሚጠራት የለም። ልብስ ሰፊ ናት፤ መለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ገበያም ስትሄድ፣ ሐኪም ቤትም ስትሄድ እንደተንጠለጠለ ነው። አንዴ ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ አንዲት ሴት ከሩቅ አይታት ሜትሩ የሐኪም ማዳመጫ መሰላትና «ዶክተር፣ እባክዎ ልጄን ይዩልኝ» ብላ ሕፃን አስታቀፈቻት። ሜትርም ሕፃኑን መልሳ አልሰጠችም፤ ግንባሩን ዳሰሰችና «ትኩሳት አለው፣ ቶሎ አስገቢው» ብላ የራሷን ተራ ለቀቀችላት። እጇ ላይ የወደቀን ነገር ዝም ብላ የምትጥል ሴት አይደለችም።

ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው። ሁለት ሴት ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል። ባለቤቷ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ዝምተኛ፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ነው፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ሾፌሩ» ይለዋል። የሚኖሩት እሱ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጁ ባቆመው ቤት ነው። የስፌት ክፍሏም ከዚያው ጋር የተያያዘች ናት፤ ፊቷ ወደ መንገድ፣ ጀርባዋ ወደ ቦዩ።

ቦዩ ድሮ ለዝናብ ውሃ የተቆፈረ ነበር። አሁን ግን ዝናብ በሌለበት ወርም ሞልቶ ይታያል። ውስጡ ያለው ነገር አይፈስም፤ ይንፏቀቃል። ላዩ ግራጫ ቆዳ አውጥቷል፤ ቆዳው እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ይነፋና ቡፍ ብሎ ይፈነዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን አየር መተንፈስ ሳይሆን መዋጥ ነው የሚባለው። በሁለቱም ዳር ሠላሳ አራት ቤቶች ጀርባቸውን ሰጥተውት ተሰልፈዋል። ከማን ቤት ነው የሚወጣው ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም «ከላይ ካሉት ነው» ይላል። የመጨረሻው የላይኛው ቤት ሰውዬ ደግሞ፣ ከእሱ በላይ ሜዳ እንጂ ቤት ስለሌለ፣ «ከታች ነው፤ ነፋስ ነው ሽታውን ወደ ላይ የሚያመጣው» ይላል።

የሜትር አፍንጫ የልብስ ሰፊ አፍንጫ ነው፤ ጨርቅ አሽታ ጥጥ ይሁን ናይለን የተቀላቀለበት ትለያለች። ሌላው ሰው አንድ ክርፋት በሚሸተው ቦታ እሷ አምስት ስድስቱን ለየብቻ ትሸታለች፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሳሙና እጣቢ፣ የሻገተ ዘይት፣ የሞተ አይጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ስሙ የማይጠራው የሰው ነገር። የኋላ መስኮቷን በሚስማር መትታ ዘግታዋለች፤ ክፍተቱን በጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቅጥቃዋለች። ምሳ በቀረበ ቁጥር «እነዚህ ቆሻሾች፣ በራሳቸው ላይ ይፍሰስ» ሳትል ቀርታ አታውቅም። ጋሼ ሾፌሩ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ይበላል።

እንዲህ ስትኖር ነው የሙሽራዋ ልብስ ጉዳይ የመጣው። ሙቀቱ በጸናበት ወር አንዲት ሙሽራ ነጭ ልብስ አዘዘቻት። ሜትር ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቱን በእጅ ጠልፋ፣ ገበሩን ሁለት ጊዜ ፈትታ፣ እንደ ልጇ ተጠንቅቃ ሠራችው። ለልኬት በመጡ ጊዜ ሙሽራዋ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች። አማረባት። አክስቷ ግን ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች፣ እንደገና ቀረብ አለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ይሄ ልብስ ምን ነካው?»

«ምነው? ዘመመ?»

«ስፌቱስ እጅዎ ይባረክ። ግን...»

ሙሽራዋ እጅጌውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ወዲያው ፊቷ ተጨማደደ። «አክስቴ፣ ሽንት ቤት ሽንት ቤት ይሸታል!» አለችና አለቀሰች። ልብሱን ሰውነቷ ላይ እንደተጣበቀ ነፍሳት እየጎተተች አወለቀችው። አክስቲቱ በሁለት ጣቷ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አጥበውት፣ አናፍሰውት...» ብላ ጀመረችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ የልጅቱን እጅ ይዛ ወጣች። ተመልሰው አልመጡም።

ሜትር ልብሱ ላይ ተደፍታ አሸተተች። ነበረበት። ገበሩ ውስጥ፣ ጥልፉ ሥር፣ በነጩ ክር ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ያቅለሸለሻት የቦዩ ነገር ብቻ አልነበረም። የራሷን ፀጉር አሸተተች፤ ክንዷን አሸተተች፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሰዎች ሲያነጋግሯት ለምን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚሉ ገባት። መጸዳጃው ሄዳ አስመለሳት።

በማግስቱ የአካባቢው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሹሙ ልጇ ሊሆን የሚችል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ነበር።

«እናቴ፣ አይጨነቁ። የእናንተ ሰፈር ዕቅድ ውስጥ ገብቷል» አላት።

«የት አለ ዕቅዱ?»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ካርታ አሳያት። ሰፈሯን ፈለገች። መንገዱን አገኘችው፣ መታጠፊያውን አገኘችው፣ ቤቷ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ግን ወጥ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መናፈሻ ነው» አለ ሹሙ ፈገግ ብሎ። «ወደፊት።»

«እኛስ የት ነን?»

ሹሙ ካርታውን ቀረብ ብሎ አየው። ሜትር ከዚያ የወጣችው ጥርሷን ነክሳ ነው። ሠላሳ አራት ቤት ከነሰዉ፣ ከነሽንቱ፣ ከነግማቱ በአረንጓዴ ቀለም ሸፍነው መናፈሻ ብለውታል! ልብስ ላይ ቆሻሻ ሲያይ ሳያጥብ ጨርቅ የሚለጥፍበትን ዓይነት ሰው ገና ከልጅነቷ ትጸየፍ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ወስናለች። እዚያ ወረቀት ላይ ከሌሉ የራሳቸውን ወረቀት ይሠራሉ። የሰው ወገብና ትከሻ ለክታ፣ ወረቀት ላይ አውርዳ፣ ቆርጣ የምትገጥም ሴት፣ ቦይ የማትለካበት ምክንያት የለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቿን ጠራች። አሥራ ሦስት ሰው መጣ፤ በጨርቅ ጥቅሎች ላይ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች፤ ምድጃዋ ከቦዩ አጠገብ ስለሆነ ምላሷ ከሁሉ የሰላ ነው። ባለፎቁ መጣ፤ ባለ ሦስት ደርብ ቤቱን አሥራ ስድስት ክፍል አድርጎ የሚያከራይ፣ ሲቀመጥ ሱሪውን ሰብሰብ የሚያደርግ ሰው ነው። ቧንቧ ሠራተኛውም መጣ፤ አርባ ዓመት የሆነው፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር የማይለቀው ለሥራ የተፈጠረ ሰው።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተወነጃጀሉ። ከላይ ነው፣ ከታች ነው፣ ከተከራዮች ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ነው። ባለፎቁ «እኔ በበኩሌ ሴፕቲክ ታንክ፣ የራሴ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለኝ» አለ። ሁሉም «እኛም አለን» አሉ። ሜትርም «እኛም አለን፣ ጋሼ ሾፌሩ ራሱ ነው የቆፈረው» አለች።

ቧንቧ ሠራተኛው ሲሰማ ቆይቶ «እትዬ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ አለዎት?» አላት።

«ሞልቷል። ምን ሊያደርግልህ?»

«ትልልቅ ሕንፃ ላይ ስንሠራ ውሃ ከየት እንደሚያፈስ ሲጠፋን ቀለም እንጨምራለን። ሽንት ቤቱ ውስጥ ቀለም ይጨመራል፣ ውሃ ይለቀቃል። ጉድጓድ ያለው ቤት ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። የሌለው... ቦዩ ላይ እናየዋለን።»

ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ይሁን አሉ፤ እያንዳንዱ የጎረቤቱን ቀለም ለማየት ቸኩሎ ነው እንጂ ስለ ራሱ የሰጋ አልነበረም። ወይም የሰጋ መምሰል አልፈለገም።

መጀመሪያ ልኬቱ መጣ። ሜትር ለልብስ ቅድ የምትጠቀምበትን ቡናማ ወረቀት በስፌት መኪና እርስ በርስ ሰፍታ የጠረጴዛ ልብስ የሚያህል አደረገችው። ከዳቦ ጋጋሪዋና ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ሁለት ሳምንት በየጓሮው ዞረች። ለሁሉም ባለ ሁለት ድርብ የአፍንጫ መሸፈኛ ሰፋች፤ ግን ዓይንን የሚሸፍን ነገር የለም። ፊት ለፊቱ በአበባ የተዋበ ቤት፣ ጓሮው ላይ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ተቆልሎ ትል ሲርመሰመስበት አየች። ሰላምታዋ ማር የሆነች አንዲት እመቤት በየማለዳው ባልዲዋን በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ቦዩ የምትደፋበት ቦታ አጥሩ ራሱ ቡናማ ሆኖ ነበር። «ኧረ ውሃ ብቻ ነው» አለች ሴትዮዋ ዓይኗን በጨው ታጥባ። ሜትር ለካችና ጻፈች። ቤቷ ስትገባ እጇን እስከ ክርኗ ሦስት ጊዜ ታጥባ፣ እንደገና ታጥባ፣ ምግብ አልወርድ አላት።

የቀለሙ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ቦዩ ዳር ወጣ። ከየረድፉ አንድ አንድ ቤት እየመረጡ ለየቤቱ የተለያየ ቀለም ሰጡ፤ ቧንቧ ሠራተኛው ረጅም እንጨት ይዞ ቦዩ ዳር እየተመላለሰ ይጮሃል። «ቢጫ! ቢጫ መጣ!» የቢጫው ባለቤት በሰው መሐል ሾልኮ ጠፋ። ቀጥሎ ሰማያዊ መጣ፤ ቀጥሎ ወይን ጠጅ። ግራጫው ቆዳ እየተቀደደ ከሥሩ እንደ ቁስል ልዩ ልዩ ቀለም ያዘ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ እየቆየ ሳቁ ቀነሰ።

ከባለፎቁ ሕንፃ ሥር አረንጓዴ ቡልቅ ብሎ ወጣ።

«ይሄ አልጌ ነው» አለ ባለፎቁ።

«ምን?»

«አረንጓዴ ነገር ውሃ ላይ ራሱ ይበቅላል፣ አልጌ ነው የሚባለው።»

«ጋሼ፣ አሁን በአምስት ደቂቃ ነው የበቀለው?» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ። የአሥራ ስድስቱ ክፍሎች ተከራዮች ከበረንዳቸው ተደግፈው በሳቅ ፈረሱ። አንዲት ተከራይ ብቻ አልሳቀችም። «እኛ የምናወጣው ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ» አለችና አፍንጫዋን ይዛ ገባች።

የሜትር ተራ ሲደርስ ቀዩን ቀለም ራሷ በጠበጠች፣ ራሷ ጨመረች፣ ራሷ ውሃ ለቀቀች። ከዚያ ተዝናንታ ወጥታ ከቧንቧ ሠራተኛው ጎን ቆመች፤ ሌላው ሰው ገና ባለፎቁ ሕንፃ ሥር ተኮልኩሎ አረንጓዴውን ያይ ነበር። እንኳን አምስት ደቂቃ፣ አንዱም አልሞላም። በእሷ መስኮት ሥር፣ በሚስማር በመታችው መስኮት ልክ ሥር፣ ከድንጋዮቹ መሐል ደም የመሰለ ቀይ ቀስ ብሎ ወጣና በግራጫው ላይ ተዘረጋ።

ቧንቧ ሠራተኛው ወዲያው በእንጨቱ አማሰለው። «ምናልባት ከላይ የመጣ...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳያያት።

ቀይ የጨመረ ሌላ ቤት አልነበረም። ሜትር ቀለሟን ታውቃለች።

ጋሼ ሾፌሩ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሊያይ ያልወጣ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ስትገባ ቀና አላለም።

«ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«ቆፍሬ ነበር።»

«እና?»

«ወገቤ ድረስ ስደርስ አለት ሆነ። ልጆቹ ትንንሽ ነበሩ፣ የተከራየነውን ቤት ልቀቁ ተብለናል። ለጊዜው ብዬ ቱቦውን ወደ ቦዩ ቀጠልኩት። ለጊዜው ነበር።»

«ሃያ ሁለት ዓመት?»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ነካካ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ምሳ ላይ ስራገም ትሰማለህ። በራሳቸው ላይ ይፍሰስ ስል ትሰማለህ። ታኝካለህ፣ ትውጣለህ።»

«ምን ልበልሽ? በመጀመሪያው ዓመት ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አፈርኩ። ከዚያ በኋላ... የመንገድ ያህል ለመድኩት።»

ሜትር ብዙ ነገር ተጸይፋ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ግን አላጋጠማትም። ቦዩ ቆሻሻ መሆኑን አልደበቀም፤ ይገማል፣ ይታያል። ይሄ ግን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጋሼ እየተባለ አጠገቧ ተኝቷል። የሰፋችው ልብስ ሁሉ፣ የበሉት ሁሉ፣ የሙሽራዋ ነጭ ልብስ ራሱ ትዝ አላት፤ ሰውን ስትረግምበት የኖረችው የራሷ ቤት ነበር። ዕለቱን ፍራሿን ጎትታ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባች። «ሳህንህን ራስህ እጠብ» ብላው በሩን ዘጋች። ለአርባ ቀን ያህል ከዚህ የበለጠ ቃል ከአፏ አልሰማም።

በቀጣዩ ስብሰባ ዋዜማ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ወረቀቱ ላይ የሚቀሩት የሜትር ቤትና ሌላ አንድ ቤት ነበሩ። «እትዬ፣ እኔና እርስዎ ነን ያየነው። የእናንተን ዝም ብለን ብናልፈው ዕቅዱ አይበላሽም። እርስዎን ካላመኑ ሁሉም ይበተናል» አላት።

ቅን ሰው ነው፤ ለእሷ አስቦ ነው የተናገረው። እሷም ለአፍታ አሰበችበት። ማሰቧ ራሱ አፏን መራራ አደረገባት። «ጋሼ ሾፌሩም ለጊዜው ብሎ ነው የጀመረው» አለችና ቀይ እርሳስ አንሥታ ከቤቷ እስከ ቦዩ መስመር አሰመረች። ወፍራም አድርጋ ነው ያሰመረችው።

ስብሰባው ላይ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቅላ ቆመች። «ከሠላሳ አራት ቤት ሃያ ዘጠኙ ይለቅቃል። አንዱ የኔ ቤት ነው። አላውቅም ነበር ብል እውነት ነው፤ ግን አላውቅም ማለት አፍንጫን አያድንም።»

ይሄን ያለችው ሰው ልቡ ይነካል ብላ አልነበረም፤ አልተነካምም። ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቋ አመለጣት። «ሜትር! ሜትር ራሷ!» አንዱ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሰመ። ባለ ባልዲዋ እመቤት ፊቷ እንደ በዓል በርቶ ነበር። ባለፎቁ እግሩን አነባብሮ «እንግዲህ መጀመሪያ የራስን ጓሮ ማጽዳት ነው» አለ። ሜትር ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። የእነሱ ደስታ ከቦዩ ይልቅ ቀፈፋት። ሆኖም ያ ደስታቸው የማይሆን የመሰለውን ነገር አደረገ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ንጹሕ ነኝ ለማለት የሚደፍር ጠፋ። የእሷን የሰሙ ሁሉ የራሳቸውን ቀለም እያጉረመረሙ አመኑ፤ አንዱ «እኔ እንኳ የአባቴን ነው ያገኘሁት» አለ፤ ሌላው «ግማሹ ብቻ ነው የሚሄደው» አለ። ግማሽ ሽንት ቤት እንዴት ያለ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ከዚያ ዕቅዱ ወጣ፤ ወጪውም ከየቤቱ በመዋጮ ሆነ። ከየቤቱ የሚወጣው ሁሉ በአንድ ወፍራም ቱቦ ተሰብስቦ በመንገዱ ሥር ይሄዳል፤ ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ትልልቅ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ ቦዩ ለዝናብ ብቻ ይቀራል። ቁልቁለቱ ይበቃ እንደሆን ቧንቧ ሠራተኛው ውሃ በሞላ የጎማ ቱቦ፣ ውሃው በሁለቱ ጫፎች እኩል የሚቆምበትን አይቶ ለካ፤ ሜትር ወረቀት ላይ አወረደች። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ቱቦው በባለፎቁ አጥር ውስጥ፣ በዘበኛው ቤት ሥር ካላለፈ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል።

«ፎቄን አላስቆፍርም» አለ ባለፎቁ።

ሜትር አልተከራከረችውም። «ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለችው። «በላይዎ በኩል ላሉት አሥራ አምስት ቤቶች ሌላ መላ እንፈልግላቸዋለን። በታች ያሉት አሁኑኑ ከቱቦው ጋር ይቀጠላሉ። ቦዩ ይጠረጋል፣ ይደርቃል፣ በድንጋይ ይነጠፋል። ከዚያ በዚያ በንጹሑ ድንጋይ ላይ የእርስዎ ብቻ አረንጓዴ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል።»

በረንዳው ላይ ተከራዮቹ ይሰማሉ። ያቺ ያልሳቀችው ተከራይ «እኔ እንኳን ያን ቀን ዕቃዬን ጠቅልዬ ነው የማየው» አለች። ባለፎቁ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። በሦስተኛው ቀን የዘበኛውን ቤት እንዲያፈርሱ ፈቀደ፤ ፈቃዱን የላከው በዘበኛው በኩል ነው።

መጀመሪያ ዶማ ያነሣው ጋሼ ሾፌሩ ነበር። ማንም ሳያዘው፣ በስድሳ ስድስት ዓመቱ፣ ከራሱ ጓሮ ጀመረ። ያ አለት ላይ ደረሰና በመዶሻና በመሮ ዘጠኝ ቀን ፈለጠው። መዳፉ ተልጦ ደማ። ሜትር ጠዋት ጠዋት የውሃ ማሰሮ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ታስቀምጣለች፤ ቃል አትናገርም። እሱም አይለምንም።

ቦዩን መጥረግ ግን ከሁሉ የከፋ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ከግራጫው ቆዳ ሥር ጥቁር ጭቃ አለ፤ ጭቃው በአካፋ ሲነሣ እንደ ሕያው ነገር ይስባል፣ ይጮኻል። ፍራሽ ወጣ፤ ፍራሹ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ከነግልገሉ ወጣ። ግማሽ የቀረ ውሻ ወጣ። የሽንት ጨርቅ፣ የመርፌ ሲሪንጅ፣ ፀጉር፣ ስንት ዓመት የሞላው ፀጉር እንደ ገመድ ተገምዶ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪዋ በሁለተኛው ቀን አካፋዋን ጥላ «እኔ ዱቄት በምነካበት እጄ አልችልም» ብላ ሄደች፤ ሠራተኛ ሁሉ የሚበላውን ዳቦ ግን እስከ መጨረሻው ቀን አላቋረጠችም። የበላው ጥቂት ነበር። ሜትር ከግድግዳው ጀርባ እየሄደች ታስመልሳለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ባለ ባልዲዋ እመቤት አጠገቧ ጭቃ ስትዝቅ አገኘቻት። እስከ ጉልበቷ ገብታ ታለቅስ ነበር። «እኔ ነኝ፣ ይሄ የኔ ነው፣ አወቅሁት» አለቻት አንድ የተሰበረ ሰማያዊ ባልዲ እያሳየች። ሜትር ልታጽናናት አልተመኘችም። ተቀብላ ክምሩ ላይ ወረወረችው።

ሥራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሹሙ መጣ። ፎቶ አንሺ አስከትሏል፤ ሁለት ሰዎች ሰሌዳ ተሸክመዋል። ሰሌዳው ላይ «በጽሕፈት ቤታችን አስተባባሪነት የተሠራ» የሚል ተጽፏል። ሹሙ ነጭ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ነፋሱ በማይመጣበት በኩል ቆመ።

«እናቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ያቺን ወረቀታችሁን ለቢሮው ብትሰጡን፣ ግድግዳ ላይ እንሰቅላታለን» አላት። ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችው። ሹሙ ቀለማቱን አየና ፊቱ ጠቆረ። «እነዚህ... የማን ቤት ምን እንደለቀቀ የሚያሳዩት መስመሮች ለእንግዳ አይመጥኑም። ቢጠፉ።»

«የጠፋውማ እናንተ ግድግዳ ላይ አለ፤ አረንጓዴው» አለችው። ከዚያ ወደ አዲሱ ጉድጓድ ወሰደችው። ቧንቧ ሠራተኛው የብረት ክዳኑን አነሣ። ገና ሁለት ቀን የገባበት ነበር፤ ቢሆንም በቂ ነው። ሹሙ ወደ ኋላ ሊል ሲል ከኋላው ሰው ሞልቷል።

«ይሄ በዓመት ሁለት ጊዜ ካልተመጠጠ ይሞላል፤ ከሞላ ተመልሶ ወደ ቦዩ ነው። መጣጩ መኪና የእናንተ ነው። እንደሚልኩ እዚህ ይጻፉልን፤ ይፈርሙ። ከዚያ ሰሌዳዎን ይትከሉ።»

«ቢሮ መጥታችሁ በደብዳቤ...»

«እዚሁ ነው፣ ልጄ። ክዳኑ አይዘጋም።»

ሹሙ አንድ እጁ አፍንጫው ላይ ሆኖ በሌላው በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፈ፤ ፈረመም። ፎቶ ተነሣ። በጋዜጣ የወጣው ምስል ላይ እሱና ሰሌዳው አሉ፤ ሜትር ከዳር በግማሽ ትከሻዋ ትታያለች። ስታየው አልተገረመችም።

ነገሩ እንዴት ሆነ ቢባል፣ ሠራ። ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ነው፤ ድንጋዩ ይታያል። መጣጩ መኪና መጀመሪያ የመጣው ከቀኑ ሁለት ወር ዘግይቶ፣ ሜትርና ዳቦ ጋጋሪዋ ያንን ፊርማ ይዘው ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሦስት ጠዋት ከተቀመጡ በኋላ ነው። ባለፎቁ ዛሬም በእሱ አጥር ስለሄደው ቱቦ ለእንግዳ ሲያወራ «እኔ ያሠራሁት» ይላል። ሰፈሩ ግን ቢያንስ ማን ምን እንዳደረገ ያውቃል፤ ወረቀቱ ስፌት ክፍሏ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ቀለማቱም አልጠፉም። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ትነግረዋለች፤ የራሷንም መስመር በጣቷ ታሳያለች።

ባሏን ይቅር አለችው ወይ? ፍራሿን ወደ ቤት መልሳለች፤ አብረው ይበላሉ፤ በመዳፉ ላይ የቀረውን ጠባሳም ቅባት ቀብታለታለች። እሱም ከበፊቱ ይልቅ ይናገራል፤ አንዳንዴ ያልጠየቀችውን ሁሉ ይነግራታል። ባለፈው ሳምንት የኩሽናው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ውሎ መፍቻውን ይዞ ተነሣ፣ ትንሽ ቆየና እጁን እየጠረገ መጣ። «ጨርሻለሁ፣ ተስተካክሏል» አላት።

«እሺ» አለች ሜትር። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች፣ ተነሣች፣ ኩሽና ገባች፤ ጎንበስ ብላም ከሥሩ አየች።